ሐዲዱን ማን ጠበቀው?

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነሳ የሚጠሩት ስሞች የታወቁ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ አሉ፤ በ1886 ዓ.ም. የሐዲዱን ፈቃድ ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አለ፤ ሸሪኩ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖም አለ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ፤ በ1895 ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ አላዩትም፤ ሦስት ዓመት ቀድመው አርፈው ነበር።

ከዚህ በኋላ ትረካው ይዘላል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሰደዱ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። በመሃል ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በፀሐይ፣ በጎርፍና በጦርነት ውስጥ በየቀኑ ማን ሲጠብቀው እንደኖረ የሚያወራ ጥቂት ነው።

ከጠባቂዎቹ አንዱ አያቴ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ በ1983 የአንድ ጥገና ቡድን አለቃ ሆነው ጡረታ ወጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት! አብዛኛውን ያሳለፉት ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለው ቆላ፣ በኤረርና በአፍደም መካከል ነው። ባቡር ነድተው አያውቁም። ሥራቸው ባቡሩ የሚሄድበትን ማቆየት ነበር።

ሐዲድ ሲያዩት የማይነቃነቅ ብረት ይመስላል እንጂ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በድሮ ሐዲዶች መጋጠሚያ ላይ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ በቀትር ሐዲዱ መሄጃ ያጣና ይጎብጣል፤ ከሰፋ ደግሞ መንኮራኩሩ በየመጋጠሚያው እየደበደበ ብሎኑን ያላላዋል። እኔ ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በቀመር ተማርኩት። አራተኛ ክፍል የደረሱት አያቴ በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት። ማለዳ ሐዲዱን በመዶሻ መታ እያደረጉ ይሄዳሉ፤ ጠንክሮ የታሰረው ይጮሃል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል። «ዝም ካለ ታሟል» ይሉ ነበር።

ከሙቀቱ የባሰው ጎርፉ ነው። ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ዝናቡ ጨርጨር ተራራ ላይ ይጥላል፤ ከሰዓታት በኋላ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ይመጣና ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ጠርጎ ይሄዳል። ሐዲዱ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ቡድኑ ፋኖስ ይዞ፣ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን በእግሩ ይፈትሻል። ተሳፋሪው ተኝቶ ያልፋል።

ሚስታቸውና ስድስት ልጆቻቸው ድሬዳዋ ነበሩ። አያቴ በሁለት ሳምንት አንዴ መጥተው ሁለት ሌሊት ያድራሉ። በቀረው ጊዜ ቤቱ የሚተዳደረው በባቡሩ ነው፦ ደመወዙ፣ ከሰሉ፣ የኤረር ብርቱካኑ፣ መልእክቱ ሁሉ በሥራ ባልደረቦች እጅ ይመጣል። አባቴ እንደሚለው ማታ ማታ ደብተራቸውን በተራ እየተቀበሉ ያዩ ነበር። ትምህርቱን አይከተሉትም፤ ቀዩን እርማት ብቻ ይቆጥራሉ። ልክ የሆነው ካነሰ ምንም ሳይናገሩ ደብተሩን መልሰው ይሰጣሉ። «ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል አባቴ እስከ ዛሬ።

ቤቱ ግን ሁልጊዜ ሰላም አልነበረም። ድሬን የሚያውቅ ኮንትሮባንድን ያውቃል። ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ፣ ሬዲዮና ሽቶ ሁሉ ጉምሩክ በር ላይ አይደርስም፤ ባቡሩ ቀስ በሚልበት ቦታ የሚወረወር ጥቅል አለ። የሐዲድ ጠባቂ ዞር ብሎ ቢያይ ብቻ የድርሻው ይደርሰዋል። አያቴ እምቢ አሉ። የሕግ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ባቡር ያለ ምልክት የሚዘገይበት ልማድ አንዴ ከተጀመረ ሰው መሞቱ እንደማይቀር ያምኑ ነበር። ሴት አያቴ ግን ኪራይ መክፈል፣ ስድስት አፍ መመገብ ነበረባቸው። «የሰው ባል ቴፕ ያመጣል፣ የኔ ባል ላብ ያመጣል!» ብለው ሰፈር እስኪሰማ የተናገሩት ነገር በቤተሰባችን ተረት ሆኖ ቀርቷል። ማን ልክ እንደነበር ዛሬም በበዓል ቀን እንከራከራለን። እኔ የሁለቱም ወገን ነኝ፤ የአንዱ ሐቀኝነት የሌላውን ትከሻ እያጎበጠ ነበር የቆመው። አጎቶቼ የተማሩት ሴት አያቴ ጠዋት ጠዋት በሸጡት ሳምቡሳ ጭምር ነው።

በ1969 የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድዮች ፈነዱ፣ መስመሩ ተቆረጠ፣ ድሬዳዋ ራሷ ጦር ሜዳ ሆነች። አያቴ ለሳምንታት ቤተሰባቸው በሕይወት መኖሩን ሳያውቁ ቆዩ። መንገዱ ሲከፈት አንድ ሌሊት ብቻ አድረው ተመለሱ፤ የሚጠገነው ብዙ ነበር።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። ቦታው የአያቴ ክፍል አልነበረም። ያም ሆኖ በዚያ ሳምንት የራሳቸውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሄደው ብሎኖቹን አንድ በአንድ እንደነኩ አብረዋቸው የሠሩ ሰው ለቀብራቸው መጥተው ነገሩን። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም።

ያረፉት በ2004 ነው። ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚወስደው አሮጌ መስመር ቆሞ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው ደግሞ በ2009 ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም።

ዛሬ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ጣቢያ ፎቶ ያነሳል። አዲስ አበባም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣውን ለገሃር የሚለውን ስም በየቀኑ ታክሲ ላይ እንጠራዋለን። ከዚራ ጥላ ሥር ካርታ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች መካከል ግን አሁንም መዶሻ ይዘው ሐዲድ ያዳመጡ አሉ። አቦ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ስለ ክረምቱ ጎርፍ ጠይቋቸው። ስለ ንጉሡ ባቡር የሚነግራችሁ ሌላ ሰው አታጡም።