ስለ ማንኪራ ደን

በከተማ በመሥሪያ ቤት ሥራ ተጠምዶ የሚከርም ሰው፣ የዕረፍቱ ወራት ሲደርስ ንጹሕ አየር የሚቀበልበትን ስፍራ ይሻል። ዛሬ የምናወሳላችሁ ከቦንጋ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በከፋ ምድር ስለሚገኘው ስለ ማንኪራ ደን ነው። ወደዚያ የሚዘልቅ እንግዳ ከመልካሙ አየር ጋር ታሪክም ያገኛልና።

በዚህ ደን ውስጥ፣ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የአገሩ ሽማግሌዎችም የቡና መገኛው ማንኪራ ነው ይላሉ። የቡና የፈረንጅ ስም ከከፋ ስለ መምጣቱ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ የዓረቢካ ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተወላጅ መሆኑ ግን የታወቀ ነው።

የከፋ ደን ቀድሞ ለከፋ መንግሥት እንደ ቅጥር ነበረ። ነገሥታቱ በጠረፍ ጥልቅ ጉድባ እያስቆፈሩ፣ በሮቹንም በዘበኛ እያስጠበቁ፣ በጫካውም እየተመኩ አገራቸውን ለብዙ ዘመን ተከላክለዋል። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዘመቱ ጊዜ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲዋጉ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረኩ፤ በግዞት ሳሉም አረፉ።

ያን ጊዜ ደኑ ሰውን ጠበቀ፤ ዛሬ ተራው የሰው ነው። ምንጣሮው ስለሚያሰጋ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበው። በደንቡ መሠረት አንዱ ክፍል ፈጽሞ አይነካም፤ ዙሪያው በልክ ይሠራበታል፤ የቀረው ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። ስለዚህ ጥበቃው ቡና ለቃሚውንና ማር ቆራጩን ከአገሩ አያፈናቅልም።

ጉዳዩ የጥላና የውበት ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ገደማ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደው የጌሻ ቡና ዘር፣ ዛሬ በፓናማ ለምቶ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆኗል። በሽታን የሚቋቋም ዘር ነገ ቢያስፈልግ፣ የሚፈለገው ከዱር ቡና መካከል ነው። ደኑ ከተመነጠረ ግን የጠፋውን ዘር በገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም።

እንግዲህ ጎብኚው የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ በእግሩ ይሂድ፤ ቅርንጫፍ አይስበር፤ ቆሻሻም አይጣል። ሲመለስም በቦንጋ የቆመውን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ይመልከት። ጧት ጧት በየቢሮአችን የምንጠጣው ቡና ከእንዲህ ያለ ጫካ መምጣቱን ያየ ሰው፣ ደኑ ሲመነጠር ዝም ብሎ አያይምና።