«ሂሳብ»፦ በሸራ ላይ የተሳለ ተንቀሳቃሽ ምስል

እዝራ ውቤ (አዲስ አበባ፣ 1980 እ.ኤ.አ. የተወለደ)
ሂሳብ፣ 2011 እ.ኤ.አ.
በቀለም ቅብ የተሠራ አኒሜሽን፣ ቪዲዮ

ይህ ሥራ በአዲስ አበባ በሚነገር የከተማ ተረት ላይ የተመሠረተ ነው። በተረቱ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ይሳፈራሉ፤ አህያዋ ሂሳቧን አስተካክላ ትከፍላለች፣ ፍየሏ ሳትከፍል ታመልጣለች፣ ውሻው ግን ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ይቀራል። አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ የማትነቃነቀው፣ ፍየል የምትሸሸው፣ ውሻም መኪና የሚያባርረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ርእሱም የታክሲ ረዳት ተሳፋሪውን ክፍያ የሚጠይቅበት ቃል ነው።

ሠዓሊው አንዱን ምስል ቀብቶ ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ ቀጣዩን በላዩ ላይ ስለሚደርብበት፣ የቀደመው ሥዕል ከሸራው ጠፍቶ በቪዲዮው ውስጥ ብቻ ይኖራል። ስለዚህ ረግቶ የቆመ ሥዕል ማየት የለመደ ተመልካች፣ ዓይኑን ሊያሳርፍበት ሲል በሚያመልጠው በዚህ ሥራ ፊት ግር ቢለው አያስደንቅም።

በአዲስ አበባው አራዳ ሰፈር እንዲህ ያለው ግርታ አዲስ አይደለም፤ በቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ የነበረውን ቀደምት ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምስል የሰው ሥራ ስላልመሰለው እንደሆነ ይነገራል። እዝራ በ2015 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልም የቪዲዮ ጥበብን ከጋለሪ አውጥቶ ወደ አደባባይ በማድረስ፣ ሊያየው አስቦ ካልመጣው መንገደኛ ጋር ያገናኘዋል።

በመጀመሪያው ዕይታ ግር ያለው ተመልካች ቪዲዮው እንደገና እስኪጀምር ቢቆይ፣ በምስሎቹ ውስጥ የሚያውቀውን የከተማውን መንገድ ያገኘዋል።