ማዕበሉ ከየት መጣ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ሥሩን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። የምህንድስና ተማሪ ማሽን ፈትቶ የተበላሸውን ክፍል መለየት ይማራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደኅና ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሲታመም ግን ግራ ይገባዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መመርመሪያ ካበጁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጄይ ፎረስተር ነበር።

ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1918 በኔብራስካ ከከብት አርቢዎች ቤት ተወለደ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኖ በኤም አይ ቲ ከቀደምት ኮምፒውተሮች የአንዱን ሥራ መራ። በ1956 ወደዚያው ተቋም የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ተዛወረ። በዚያም የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች አንድ እንቆቅልሽ ነገሩት። በኬንታኪ ያሉት ፋብሪካዎቻቸው አንድ ጊዜ በሦስትና በአራት ፈረቃ ይሠራሉ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ደግሞ ግማሹን ሠራተኛ ያሰናብታሉ። ጥፋተኛው ገበያው ይመስል ነበር። ፎረስተር እርሳስና ወረቀት ይዞ ክምችቱን፣ ትእዛዙንና የቅጥሩን ደንብ ደረጃ በደረጃ አሰላ። የገበያው ትእዛዝ ባይለዋወጥ እንኳ፣ የፋብሪካው የራሱ የውሳኔ ልማድ ቅጥርንና ስንብትን እንደሚያፈራርቅ አየ። በ1961 ሐሳቡን «ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ» በተባለ መጽሐፍ አወጣው።

ተማሪዎች ይህን እውነት በእጃቸው የሚዳስሱት «የቢራ ጨዋታ» በተባለው መልመጃ ነው። አንዱ ቸርቻሪ፣ አንዱ ጅምላ ሻጭ፣ አንዱ አከፋፋይ፣ አንዱ ፋብሪካ ይሆናል። እርስ በርስ መመካከር አይፈቀድም፤ ትእዛዝም ጭነትም ሳምንታት ዘግይተው ይደርሳሉ። ጠጪው በሳምንት 4 ሳጥን ይገዛል፤ በአምስተኛው ሳምንት 8 ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይለውጥም። ይሁን እንጂ መጋዘኑ መጀመሪያ ይራቆታል። ሁሉም በስጋት አብዝቶ ያዛል፤ በመጨረሻ የዘገየው ጭነት እንደ ጎርፍ ይመጣል። ጨዋታው ሲያበቃ ተማሪዎቹ የጠጪውን ፍላጎት እንዲስሉ ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ ከፍና ዝቅ የሚል ማዕበል ይስላሉ። እውነተኛው ሥዕል ግን አንዲት የደረጃ እርከን ብቻ ናት።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ክምችትና ፍሰት የሚሉት ቃላት አይከብዱኝም፤ ቀሪ ሂሳብ የገቢና የወጪ ልጅ ነው። ልቤን የነካው ስሌቱ ሳይሆን ፍርዱ ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል ሰነፍም ክፉም የለም፤ ሁሉም ከተቀመጠበት ወንበር ሆኖ ሲያየው ልክ ነው። ነገር ግን ማዕበሉ በእውነተኛው ፋብሪካ ሲነሣ እንጀራውን የሚያጣው፣ ትእዛዝ ያልጻፈው ሠራተኛ ነው።

ፎረስተር በ2016 በ98 ዓመቱ አረፈ። ጨዋታው ግን ዛሬም ይጫወታል። ወንበሮቹ ላይ ሌሎች ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ያው ማዕበል ይነሣል። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሰውን ከወንበሩ ለማንሣት ከመጣደፋችን በፊት፣ ወንበሮቹ እንዴት እንደተደረደሩ ብንመለከት አይበጅም ትላለህን?