«ለብር ብሎ ሄደ»

ጎልደን ቴት ከሲያትል የሄደ ሰሞን ቼሪ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 ነው። ሲሃክስ ዴንቨርን 43 ለ 8 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ካነሣ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም። ለአቀባበሉ ሰባት መቶ ሺህ ያህል ሰው በዚያ ብርድ አራተኛ አቬኑ ላይ ፈስሶ ነበር ተብሏል። በዚያ ዓመት ከቡድኑ ሁሉ ብዙ ኳስ የተቀበለው ቴት ግን ከዲትሮይት ላየንስ ጋር ለአምስት ዓመት፣ ለ31 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ወጣ። አጠገቤ የነበሩ አንድ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ አዛውንት የቴትን 81 ቁጥር ማልያ እንደለበሱ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ለብር ብሎ ሄደ» አሉ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ ሳቅ አለና፣ «ጋሼ፣ እኛስ ለምን መጣን?» አላቸው።

መልስ የሰጠ አልነበረም። ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። እኔ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ቀረሁ። ሥራዬ ሥነ ጽሑፍ ማነጻጸር ስለሆነ ይሆናል፤ አንድ ጥያቄ ሲነሣ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ የማይጠየቀውስ ማን እንደሆነ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። «ገንዘብ ወይስ ዋንጫ?» የሚባለው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ለአገር ቤት አንባቢ አስቀድሜ ላስረዳ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም፤ ኳሱ በአብዛኛው በእጅ የሚያዝበት፣ ተጫዋቾች የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። ሊጉ ኤን.ኤፍ.ኤል. ይባላል። ከኮሌጅ የሚወጣ ልጅ ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቦች ተራ ይዘው እርሱን ይመርጡታል። ውሉን ጨርሶ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈራረም የሚችለውን ፍሪ ኤጀንት ይሉታል። እኔ ነፃ ተጫዋች እለዋለሁ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ነፃ» የምትለዋ ቃል ከፍርድ ቤት የተገኘች ናት። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአንድ ጥሩ ተጫዋች ውል ማለቁ ብዙም ትርጉም አልነበረውም። በ1987 ተጫዋቾቹ ይህን መብት ጠይቀው ሥራ አቆሙ፤ ክለቦቹ ግን ተተኪ ሰብስበው ሦስት ሳምንት አጫወቱና አድማው ፈረሰ። የሲያትል የዘመኑ ጀግና ስቲቭ ላርጀንት ራሱ አድማውን ጥሶ ከተተኪዎቹ ጋር በአንድ ጨዋታ 15 ኳስ ያዘ። ከተማዋ ይህን በደስታ ታስታውሰዋለች፤ ለገንዘብ ብሎ ነው ያለው ሰው አላጋጠመኝም። በ1989 ክለቦቹ «ፕላን ቢ» የተባለ ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ ክለብ 37 ተጫዋቾቹን ለራሱ አስቀርቶ የተረፉትን ይለቃል፤ ማለትም የሚፈለገው ይታሰራል፣ የማይፈለገው ነፃ ይወጣል። የኒው ዮርክ ጄትሱ ፍሪማን ማክኒልና ሰባት ሌሎች ተጫዋቾች ከሰሱ። መስከረም 1992 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ስምንት ሴቶች የተቀመጡበት ጁሪ ደንቡ የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት በሩ ተከፈተ።

ከገቡት ሁሉ ታላቁ ሬጂ ዋይት ነበር። ሰባኪም ስለነበር የት እንደሚሄድ እግዚአብሔር ይነግረኛል ይል ነበር። የግሪን ቤይ አሠልጣኝ ማይክ ሆልምግሬን ስልኩ ላይ «እግዚአብሔር ነኝ፣ ግሪን ቤይ ግባ» የሚል መልእክት ትቶለታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ዋይት እውነትም ግሪን ቤይ ገባ፤ በአራት ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር፣ ለተከላካይ ወገን ተጫዋች ከዚያ በፊት ያልተሰማ ገንዘብ። ክለቡ ከ1968 መጀመሪያ ወዲህ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም ነበርና ዋንጫ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ወደዚያ አይሄድም። ጥር 1997 ላይ ግን ዋይት ሱፐር ቦውልን አነሣ። ገንዘቡንም ዋንጫውንም ያገኘ ሰው ስለሆነ ጥያቄያችንን ገና ከመነሻው ያበላሸዋል።

ይሁን እንጂ ነፃነቱን ያመጣው ስምምነት አንድ ሌላ ነገርም አምጥቷል፦ የደመወዝ ጣሪያ። ከ1994 ጀምሮ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በድምሩ ከ34.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳይከፍል ተወሰነ። በ2013 ጣሪያው 123 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ነው። ከጣሪያው በፊት ተጫዋች ጨምሩልኝ ሲል ከባለቤቱ ኪስ ነበር የሚጠይቀው። ከጣሪያው በኋላ እርሱ የወሰደው ከጓደኛው ድርሻ የተቀነሰ ሆነ። የሲሃክስ ባለቤት ማይክሮሶፍትን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ፖል አለን ነበር። ገንዘብ አጥቶ ተጫዋች የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ደንቡ ግን ልክ እንዳጣ ሰው እንዲሠራ ይፈቅድለታል፣ ያስገድደዋልም። «ስግብግብ ተጫዋች» የሚባለውን ሰው የፈጠረው ይህ የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሲያትል ይህን በ2006 በመራራው ቀምሳዋለች። ያው ሆልምግሬን አሁን የሲሃክስ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል አድርሶ በፒትስበርግ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ወር ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ለመስመር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃቺንሰን የሰባት ዓመት፣ የ49 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት። ሲያትል እኩል ከፍላ የማስቀረት መብት ነበራት፤ ውሉ ውስጥ ግን መርዝ ነበረ። ሃቺንሰን ከቡድኑ የመስመር ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛ ተከፋይ ካልሆነ 49 ሚሊዮኑ በሙሉ ዋስትና ያለው ይሆናል ይላል። ሲያትል ውስጥ ደግሞ ከእርሱ በላይ የሚከፈለው ዋልተር ጆንስ አለ። ክለቡ ለገላጋይ ዳኛ አቤት ብሎ ተረታ። በንዴት ለሚኒሶታው ኔት በርልሰን ያንኑ ሰባት ዓመት፣ ያንኑ 49 ሚሊዮን ጻፈለት፤ በአንድ የውድድር ዘመን ሚኒሶታ ውስጥ አምስት ጨዋታ ከተጫወተ ውሉ ሁሉ ዋስትና ይሆናል የሚል አንቀጽ ጨምሮ። ሁለት ባለጸጎች በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ተሳሳቁ። ሃቺንሰን ሱፐር ቦውል ሳያነሣ ጡረታ ወጣ፤ የፉትቦል የክብር አዳራሽ ግን ገብቷል። ደጋፊ ለብዙ ዓመት የረገመው እርሱን ነው።

እንግዲህ ወደ 2013 እንምጣ። ማይክል ቤኔት ከታምፓ፣ ክሊፍ ኤቭሪል ከዲትሮይት ወደ ሲያትል መጡ። ዛሬ ሲተረክ ዋንጫ ሸቷቸው ርካሽ ፈረሙ ይባላል። እውነቱ ትንሽ ይለያል። ያ መጋቢት ለእነርሱ ዓይነት ተጫዋች ገበያው የቀዘቀዘበት ነበር። የቤኔት ትከሻ ጉዳት ክለቦችን አስፈርቷል፤ ያገኘው የአንድ ዓመት ውል ነው፣ አምስት ሚሊዮን የማይሞላ። ኤቭሪል ባለፈው ዓመት ብቻ አሥር ሚሊዮን ተኩል የተከፈለው ሰው ሲሆን አሁን በሁለት ዓመት 13 ሚሊዮን ተቀበለ። ሁለቱም ዋንጫን የመረጡት ገንዘቡ ካልመጣ በኋላ ነው። በሱፐር ቦውሉ ዕለት የፔይተን ማኒንግን ክንድ መትቶ ኳሱን ያንሳፈፈው ኤቭሪል ነበር፤ ማልኮም ስሚዝ ቀልቦ 69 ያርድ ሮጠበት። በማግስቱ የሁለቱ ውል የብልህነት ምሳሌ ሆነ።

ከድሉ በኋላ ቤኔት ቺካጎ እየፈለገው ሲያትል ቀረ፤ አራት ዓመት፣ 28.5 ሚሊዮን። ቴት ሄደ። ጋዜጦቹ ሁለቱን አቁመው አነጻጸሩ፤ አንዱ ታማኝ፣ አንዱ ገንዘብ ወዳድ። ነገር ግን ቴት ከዚያ ቀደም ብሎ ለማሸነፍ ስል ትንሽ ቀንሼ እቀራለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ሲያትል ያቀረበችለትን ሲያይ የሚያስቅ ነው አለ። የኳስ ተቀባዩን ድርሻ በመጋቢት 2013 ከሚኒሶታ የመጣው ፐርሲ ሃርቪን በስድስት ዓመት 67 ሚሊዮን ይዞታል። ሃርቪን በጥቅምት 2014 ለኒው ዮርክ ጄትስ ተሰጠ፤ ቴት በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ 99 ኳስ ተቀበለ። ታማኙ ቤኔትስ? ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚከፈለኝ አነሰ ማለት ጀመረ። አልፈርድበትም። በዚህ ጨዋታ አብዛኛው ውል ዋስትና የለውም፤ ትከሻህ ሲወልቅ ወረቀቱም ይወልቃል። ኤቭሪል በ2017 አንገቱን ተጎድቶ ዳግም አልተጫወተም።

ዋንጫውን ያመጣው ደግሞ የእነዚህ ምርጫ ብቻ አይደለም። ኳርተርባኩ ራስል ዊልሰን በዚያ ዓመት የተቀበለው መነሻ ደመወዝ 526 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2011 የተፈረመው የሠራተኞች ስምምነት፣ በድራፍት የገባ ተጫዋች ሦስት ዓመት ሳይጫወት ውሉን እንዳያሻሽል ይከለክላል። አምስተኛው ዙር ላይ የተመረጠው ሪቻርድ ሸርማንም እንደዚያው። ቤኔትና ኤቭሪልን የገዛው ገንዘብ መጠየቅ ካልተፈቀደላቸው ልጆች የተረፈው ነው። በ2015 ዊልሰን 87.6 ሚሊዮን ሲፈርም «አሁን ቡድኑ ሊፈርስ ነው» ተባለ። በ526 ሺህ ሲጫወት ስለ ገንዘብና ስለ ዋንጫ የጠየቀው አልነበረም።

ይህን ስጽፍ የአገር ቤቱ ኳስ ከሐሳቤ አልወጣም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ክለቦቻችን አብዛኞቹ በመንግሥት ተቋማትና በከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚኖሩ ናቸውና ምክንያቱ ይገባኛል። ግን የአሜሪካው ጣሪያ ከሊጉ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለተጫዋቾች እንዲደርስ ከሚል ድርድር ጋር የመጣ ነው፤ የእኛው ጣሪያ ወለል አልተሠራለትም።

ከዚያ ይልቅ የሚገርመኝ ቋንቋችን ነው። ሳላዲን ሰኢድ ዋንጫ የለመደውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ትቶ ሊጉን አንሥቶ የማያውቀው የግብጹ ዋዲ ደግላ ገባ። ሽመልስ በቀለ በፔትሮጄትና በምስር ኤል መቃሳ ዓመታት አሳለፈ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሳላዲንና አዳነ ግርማ አግብተው ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ሳላዲንን ለብር ብሎ ሄደ ያለው ማን ነበር? «አለፈለት» ነው ያልነው። ያው ሰው ከጊዮርጊስ ወደ ቡና ቢሻገር ግን ሌላ ግስ እናወጣለን። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ስሙን የሚያወጣው የቀረው ሰው ነው፣ ስሙም የቀረው ሰው ባጣው ልክ ይከፋል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲደውል «ተሳካልህ» የሚለኝ ቀን አለ፤ ለቅሶ ያልደረስኩ ዕለት ደግሞ ሌላ ግስ ይመጣል።

ባለፈው ክረምት እኒያን አዛውንት ያው ቡና ቤት አገኘኋቸው። ታክሲውን ትተዋል። 81 ቁጥሩ ማልያ ግን ሹራባቸው ላይ ተደርቧል፣ ስሙ ፈዝዟል። «ጋሼ፣ እስካሁን አልጣሉትም?» አልኳቸው።

«ለምን እጥለዋለሁ?» አሉኝ፤ «ብሬን ከፍዬበታለሁ።»