ከካሴት እስከ ሪሞት፦ በሌክ ሜሪት ዳር የቆመች አንዲት መኪና ታሪክ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሌክ ሜሪት ዳር መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ያገሩን ዘፈን ያላዳመጠ የኦክላንድ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይመስለኝም። ሐይቁ የራሱ ታሪክ አለው። በ1870 የአዕዋፍ መጠለያ ሆኖ በሕግ ተከለለ። በ1925 ዙሪያውን መብራት እንደ ሐብል ተደረደረለት፤ መብራቱ በጦርነቱ ምክንያት በ1941 ጠፋና በ1987 እንደገና በራ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ወፎቹም ስለ መብራቱም ብዙ ተጽፏል። ከቆሙት መኪናዎች ውስጥ ይሰማ ስለነበረው የአማርኛ ዘፈን፣ ዘፈኑም እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ግን እኛው ካልጻፍነው ማን ይጽፍልናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1999 ሰመር ላይ አንድ የረጅም ጊዜ ወዳጄ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ከግራንድ ሌክ ቲያትር አጠገብ ካቆማት አሮጌ ቶዮታው ውስጥ አስገባኝ። ከኪሱ የቴሌቪዥን ሪሞት አወጣና ወደ ክሩስኮቱ ቀስሮ ሁለት ቁጥር ተጫነ። የሙሉቀን መለሰ ድምፅ መኪናዋን ሞላት። ሌላ ቁጥር ሲጫን አስቴር አወቀ ተተካች። እኔ የማየው ያቺኑ የድሮ ቴፕ ብቻ ነው። «ሰይጣን ነው ወይስ ማሽን?» ብዬ ብጠይቀው ወርዶ ትራንኩን ከፈተው። ክዳኑ የተነሳለት የቢሮ ኮምፒዩተር በስፖንጅ ላይ ተቀምጦ፣ በቀበቶ ታስሮ አየሁ።

ሰውዬው ለምን እዚህ ድረስ እንደ ደከመ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ተሰጥቶ ሳለ፣ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ይህን ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሉት አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። ሸክላ ግን ከመኪና ጋር አይስማማም። አሜሪካኖች በ1956 ሞዴል የክራይስለር መኪናዎች ላይ የሸክላ ማጫወቻ ገጥመው ሞክረው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ትተውታል። ሙዚቃን ከሳሎን አውጥቶ መኪና ላይ ያሳፈረው ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አምሃ በ1975 ከአገር ወጣ። በ1970ዎቹ ማብቂያም የሸክላ ኅትመት ቀረ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ዳንስ ቤት ሲያዳክመው ካሴት በየቤቱና በየታክሲው ነገሠ። ሮሃ ባንድ ያጀበው፣ አምባሰል ወይም ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት ያሳተመው ካሴት በእጅ በእጅ እየተገለበጠ ሱዳንን አቋርጦ፣ ሮምን አቋርጦ እዚህ ደረሰ። ብዙዎቻችን ከሻንጣችን ውስጥ በርበሬና ሽሮ ካሸተተው ልብስ መካከል ያወጣነው እሱን ነው።

ካሴት ደግሞ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ፊደል ላልቆጠሩ እናቶች ደብዳቤ ነበር። የወዳጄ እናት ደብረ ማርቆስ ሆነው፣ የጎረቤት ልጅ ቴፑን ይዞላቸው፣ በሠርግ ዘፈን ካሴት ጭራ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በንግግር ይሞሉት ነበር። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ወለደች፣ ላሚቱ እንዴት እንደ ሆነች፣ «አንተስ ብርዱን እንዴት ቻልከው?» እያሉ። ሦስት እንዲህ ያሉ ካሴቶች ነበሩት። እናቱ በ1997 ሲያርፉ ሄዶ ሊቀብራቸው አልቻለም፤ ወረቀቱ ገና አላለቀለትም ነበር።

ወዳጄ የሚኖረው ኦክላንድ፣ የሚሠራው ግን ሳን ሆዜ ባለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ነው። በየቀኑ አርባ ማይል ሄዶ አርባ ማይል ይመለሳል፤ የ880ን ጎዳና የሚያውቅ ያውቀዋል። የመኪና ቴፕ በበኩሉ ካሴት ይበላል። ክሩን ጎትቶ ይጠቀልለዋል፤ እናንተም በቢክ እስክሪብቶ ስታጠነጥኑ ታመሻላችሁ። በፓርኪንግ ውስጥ ፀሐይ የመታው ካሴት ደግሞ ዘፋኙን ያሰክረዋል። አንድ ቀን ከእናቱ ሦስት ካሴቶች አንደኛውን ቴፑ ጎተተው። በስኮች ቴፕ ቀጥሎ አዳነው፤ ሁለተኛ ግን ካሴት መኪና ውስጥ አላስገባም ብሎ ማለ።

መፍትሔውን ያገኘው ከሚሠራበት ከተማ ነው። ጀርመኖች የፈለሰፉትና በ1995 ኤምፒ3 የሚለውን ስም ያገኘው አሠራር ድምፅን ጨምቆ በኮምፒዩተር ያስቀምጣል። በተለመደው አጨማመቅ የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የስድሳ ደቂቃ ካሴት እንግዲህ ስድሳ ሜጋባይት ያህል ነው ማለት ነው፤ አራት ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ወደ ሰባ ካሴት ይውጣል። በ1998 መጸው የሳን ሆዜው ዳይመንድ መልቲሚዲያ ኩባንያ ሪዮ የምትባል በእጅ የምትያዝ ማጫወቻ አወጣ። ዋጋዋ 200 ዶላር ሲሆን የምትይዘው የግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ነበር። የሸክላ አሳታሚዎቹ ማኅበር ወዲያው ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሰኔ 1999 ለኩባንያው ፈረደ። ሰው በእጁ ያለውን ሙዚቃ ለራሱ መገልገያ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ቢያዛውር ከሕጉ ዓላማ ጋር የሚስማማ ነው አለ። ወዳጄ ይህን በጋዜጣ አንብቦ «ተፈረደልኝ» ብሎ መጣ። የኛ ዘፋኞች ከዚያ ሁሉ ግልበጣ ሳንቲም አላገኙም፤ ይህ ራሱን የቻለ ቁስል ነው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው።

አሁን ወደ ሪሞቱ እንመለስ። ዜኒት የተባለው ኩባንያ በ1955 በመብራት የሚሠራ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራ ተካው። ዛሬ የምናውቀው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዐይን በማያየው ጨረር የሚሠራው ሪሞት የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው። የአፕሉ ስቲቭ ዎዝኒያክ ሳይቀር ከኩባንያው ከወጣ በኋላ በ1987 የሌሎችን ሪሞቶች ቋንቋ የሚማር፣ ከኮምፒዩተርም ጋር የሚገናኝ አንድ ሪሞት ሠርቶ ነበር። ቁልፉን ስትጫኑ አንዲት ትንሽ አምፖል በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል እየተርገበገበች፣ ረጅምና አጭር ዕረፍት እያደረገች ቁጥር ትልካለች። የቴሌግራፍ ነገር ነው። ሪሞቱ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ በስልካችሁ ካሜራ እያያችሁ ተጫኑት፤ በብዙ ስልኮች ላይ አምፖሏ ሐምራዊ ሆና ስትበራ ትታያለች።

ወዳጄ ከአንድ ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ጥቂት ዶላር የምታወጣ ተቀባይ ዐይን ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ የኋላ ሶኬት ጋር በየዳት። ኮምፒዩተሩ ትራንክ ውስጥ ስለሆነ ጨረሩ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ዐይኗን በረጅም ሽቦ አምጥቶ ክሩስኮቱ ላይ ለጠፋት። ጨረሩን ወደ ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም እንደ ሊርክ ያለ በነጻ ይገኝ ነበር። መብራቱንስ? የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ግድግዳ መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር ገጠመ። ሞተር ሲያስነሳ ባትሪው ለቅጽበት ስለሚደክም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል በዝምታ መጠበቅ ነው። ወደ ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ ደግሞ ዐይኗ ትታወራለች፤ ፀሐይም ኢንፍራሬድ ናትና።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ድምፁ የሚወጣበት መንገድ ነበር። የካሴት ቅርጽ ያለው፣ ክር የሌለው፣ ሽቦ የሚወጣለት ዕቃ በዚያን ጊዜ ይሸጥ ነበር። ያንን ካሴት በላተኛ ቴፕ ውስጥ ከትቶ ኮምፒዩተሩን በሱ በኩል ያሰማዋል። ቴፑ ባዶ ካሴት እያኘከ ይሄዳል!

በሾፌር ፊት የቪዲዮ ስክሪን መክፈት የካሊፎርኒያ ሕግ ስለሚከለክል ስክሪን አላደረገም። ለእያንዳንዱ ካሴት ቁጥር ሰጥቶ በደብተር ጻፈው፤ ከ1 እስከ 65 ዘፈን፣ 66፣ 67 እና 68 እናቱ። ከጊዜ በኋላ ደብተሩን ማየት ተወ፤ ቁጥሩን እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው። ጠዋት 880 ላይ መኪናው ሁሉ ሲቆም 67ን እንደሚጫን አንድ ጊዜ ነግሮኛል።

እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1999 በእንግሊዝ አገር ኤምፔግ የተባለ ኩባንያ ኮምፒዩተሩን ከነዲስኩ በመኪና ሬዲዮ ልክ አሳንሶ፣ ከነሪሞቱ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ከዳይመንድ ጋር የተዋሐደውና በኋላ ሶኒክብሉ የተባለው የሳንታ ክላራ ኩባንያ በ2000 ገዛው፤ በ2001 ማምረቱ ቆመ፤ ሶኒክብሉም በ2003 ከሰረ። ያ ዕቃ አንድ ትልቅ ብልሃት ነበረው፦ ባለቤቱ ማታ ከክሩስኮቱ ስቦ አውጥቶ ቤቱ ይዞት ይገባል። የወዳጄ ኮምፒዩተር ግን ትራንክ ውስጥ ያድራል።

በነገራችን ላይ፣ የትራንክ ሙዚቃ ከተነሳ ኃይሉ መርጊያን መዝለል አይቻልም። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረው ይህ ባለሙያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ቀዳ፤ ከዚያም ዋሽንግተን አጠገብ በዳላስ አየር ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በታክሲው ትራንክ ይይዝና ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌ ካሴቶች መካከል አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት ሳይጥል ያቆየው ሰው ማን ይሆን?

እኛ ጣልን። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ወዳጄ ገልብጦ ሲጨርስ ሁለት ካርቶን ካሴት ጠባብ አፓርታማው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «ምን ያደርግልሃል፣ ሁሉም ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይደል?» ካልነው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ገሚሱን ለሰው ሰጠ፤ ገሚሱን፣ የተቀጠለውን የእናቱን ካሴት ጨምሮ፣ ጣለ። ሁለተኛ ግልባጭ ማስቀረት ለማናችንም ትዝ አላለንም።

በ2001 አንድ ማለዳ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ካቆማት መኪናው አጠገብ መስታወት ረግፎ አገኘ። ትራንኩ ባዶ ነው። ሌባው ምናልባት ሃምሳ ዶላር ሸጦት ይሆናል። ሪሞቱ ግን ኪሱ ውስጥ፣ ደብተሩም ቤቱ ነበር።

ደብተሩን ይዞ ዓመታት ዞረ። ካሴት ከሰጣቸው ሰዎች፣ ከሳን ሆዜ ዘመዶች፣ በቴሌግራፍ ጎዳና ካሉ ምግብ ቤቶች መሳቢያ እየለቀመ ከ65ቱ 54ቱን መልሷል። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ውስጥ ነው፤ በሁለት ዲስክም ተገልብጦ አንዱ እህቱ ዘንድ ተቀምጧል። ስለ 66፣ 67 እና 68 ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

የቀሩት ቁጥሮች አሥራ አንድ ናቸው። ከነዚህ መካከል በ1980ዎቹ ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀዱ ሁለት የሠርግ ካሴቶችና አዝማሪው ስሙን ያልተናገረበት አንድ የማሲንቆ ካሴት ይገኛሉ። የደብተሩ ግልባጭ ይህን ጋዜጣ ካነሳችሁበት ካውንተር ላይ ተቀምጧል። ጋራዣችሁ ውስጥ ያልተከፈተ ካርቶን ያላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ቁጥሮቹን አይታችሁ ለባለቤቷ ብትነግሩልን።