የሜሞሪ ካርድ ፋይል ሲስተም ከታብሌት ጋር አለመጣጣም

ፋይል ሲስተም በሜሞሪ ካርድ ላይ ያሉ ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት ነው። ታብሌቱ ይህን ሥርዓት ካላወቀው ካርዱን ማንበብ ያቅተዋል። ምልክቱ አሳሳች ነው፤ አንድሮይድ ካርዱ «ተበላሽቷል» ወይም «አይደገፍም» ይልና ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል። ያው ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን ፎቶውም ዘፈኑም ሳይጎድል ሊከፈት ይችላል።

የችግሩ ሥር ከካርዱ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። በኤስዲ ማኅበር ደረጃ መሠረት ከ2 እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙት የኤስዲኤችሲ ካርዶች በፋት32፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት የሚይዙት የኤስዲኤክስሲ ካርዶች ደግሞ በኤክስፋት ይሰናዳሉ። ስለዚህ አዲስ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከፋብሪካ የሚወጣው በኤክስፋት ነው። ኤክስፋትን ማይክሮሶፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ለዓመታት በፓተንት ፈቃድ ታስሮ ቆይቷል። ፈቃዱን ያልገዛ አምራች ታብሌቱን ያለ ኤክስፋት ይሸጥ ነበር። ኩባንያው ዝርዝር መግለጫውን ይፋ ያደረገው በ2019 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሳምሰንግ ያዘጋጀው ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ተካተተ። በአሮጌ ታብሌቶች ላይ የሚታየው እንቅፋት እንግዲህ ከቴክኒክ ይልቅ የገበያ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። በኤንቲኤፍኤስ የተሰናዳ ካርድም በብዙ የአንድሮይድ ታብሌቶች አይከፈትም።

ፎርማት ማድረግ የካርዱን ይዘት ስለሚያጠፋ፣ ታብሌቱ ሲጠይቅ ወዲያው መስማማት አይገባም። ካርዱ በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ፋይሎቹ መጀመሪያ ይገለበጣሉ፤ የፋይል ሲስተሙ ዓይነትም እዚያው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ይታያል። ከዚያ በኋላ ካርዱን ታብሌቱ ራሱ ፎርማት ቢያደርገው ይመረጣል። ታብሌቱ ካልቻለ በኮምፒውተር ወደ ፋት32 መቀየር ነው፤ የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ግን ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ካርድ ይህን ምርጫ ስለማያቀርብ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፋት32 የራሱ ጣጣ አለው፦ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ረጅም ፊልም «ቦታ የለም» እየተባለ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ ካርድን እንደ ውስጥ ማከማቻ መጠቀም ይቻላል። እንዲህ የተሰናዳ ካርድ ይመሰጠራል፤ ቁልፉም ታብሌቱ ውስጥ ስለሚቀር ሌላ መሣሪያ ይዘቱን አያነብም። ታብሌቱ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል።

በዚህ መንገድ ያልተሰናዳ ካርድ ኮምፒውተርም ላይ ካልተከፈተ ብልሽት ይጠረጠራል። ፎርማት ተደርጎ ሲሞላ ፋይሎቹ የሚበላሹ ከሆነ ደግሞ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ሐሰት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያረጋግጠው ካርዱን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ሐሰተኛ ካርድን የትኛውም ፋይል ሲስተም አያድነውም።