ውስጠ ክፍት ፊደል በስሜን ተራሮች ግርጌ

ከጐንደር የሚነሣ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ይገኛል። በክረምት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ከከተማዋ ወዲያም በጣልያን ወረራ ዘመን የተጠረገው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፊደል ከሩቅ መነበቡ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«የመጪው ዘመን» የተባለው ማእዘናማ ፊደል የተወለደው በኢጣልያ ነው። አልዶ ኖቫሬዜና አሌሳንድሮ ቡቲ እ.ኤ.አ. በ1952 ማይክሮግራማን አወጡ፤ ኖቫሬዜ በ1962 ዩሮስታይልን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ቅርጽ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ በዙሪያ መስመሩ ብቻ እየተሣለ፣ ለፊልም ርእስና ለሸቀጥ ማስታወቂያ ዋለ። ለላቲን ፊደል አልከበደውም።

የእኛ ፊደል ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቁም ጸሓፊው በብርዕ የሚጥለው ወፍራም ጭረት ራሱ ፊደሉ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቢሆን ዙሪያ መስመሩ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ቀለም ይሞላበታል። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሲያሳትም እንኳ የተከተለው ይህንኑ የብርዕ መልክ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ማእዘኑ ነው። ሰ እና በ የሚለያዩት በአናታቸው ብቻ ነው፤ አንዱ ሹል፣ ሌላው ጠፍጣፋ። ሰን ማእዘናማ ያደረገ ሰው በን ጽፏል ማለት ነው። ዳባትም ደባርቅም በመካከላቸው ባ አለች፤ ሳ እና ባ አንድ መልክ በያዙበት ጽሑፍ ስማቸውን የማያውቅ እንግዳ «ዳሳት»፣ «ደሳርቅ» ብሎ ቢያነብ በምን ይወቀሳል? «ስሜን» ላይ ደግሞ የሜ ቀለበት ጠባብ ስለሆነች፣ በድርብ መስመር ስትከበብ ትደፈናለች፤ ሜ እና ሚም ይቀላቀላሉ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ሚሼል ኦሊፍ የነደፈው የዓለም ቅርስ ዓርማ ራሱ በመስመር ብቻ የተሣለ፣ ውስጠ ክፍት ነው። ያምራልም። ዳሩ ግን ዓርማ ብቻውን ይቆማል፤ የሚምታታበት ጎረቤት የለውም። ፊደል ግን ሰባት ቤት ያለው 33 ዘር፣ በድምሩ 231 ዘመድ አለው።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ማናቸውንም ፊደል በኮምፒዩተር ውስጠ ክፍት ማድረግ የቅጽበት ሥራ ሆኗል። ለመጽሔት ሽፋንና ለትልቅ ርእስ አልቃወመውም። ለመንገድ ሰሌዳ የሚሠራ ባልደረባ ግን የሰን አናት ሹል አድርጎ ይተው፤ ቀለበቶቹን በቀለም ይሙላ፤ ከዚያም ሰሌዳውን ከመትከሉ በፊት ራቅ ብሎ፣ ቢቻል በነሐሴ ጧት፣ ይመልከተው።